ሰሚራን የገደልኩ ዕለት

እኛ ወንድ ደራሲዎች ሴትን ነፃ ማውጣት በጣም እንወዳለን። ችግሩ ከወጣች በኋላ ነው። ምን እንደምናደርጋት ግራ ስለሚገባን እንገድላታለን። እስቲ ያነበባችኋቸውን ልብወለዶች አስታውሱ፤ አሻፈረኝ ያለች ሴት ስንቷ ናት እስከ መጨረሻው ገጽ የደረሰችው? አንዷ በወሊድ፣ አንዷ በሳንባ፣ አንዷ በገደል ትሄዳለች። ታዛዧ ግን ወልዳ ከብዳ ትኖራለች። እኛም ይህን ጥበብ እንለዋለን።

እኔም ከሙያ ባልደረቦቼ አልተለየሁም። ጅማ፣ አወቱ መንደራ ካለው ቤቴ ተቀምጬ ሰሚራን ጻፍኳት። ሰሚራ የሊሙ ገነት ልጅ ናት፤ የተመረጠላትን ባል እምቢ ብላ ቡና ነጋዴ የሆነች፣ ብቅ ስትል ወንዶቹ ነጋዴዎች ወሬ የሚያቋርጡላት። እንዴት እንደኮራሁባት! ከዚያ በመጨረሻው ምዕራፍ ሰቃ መንገድ ላይ በአይሱዙ አስገጨኋት። አሳዛኝ ፍጻሜ ለመጽሐፍ ክብደት ይሰጣል፤ አይደለም እንዴ?

ረቂቁን ለባለቤቴ ለሃያት ሰጥቼ ገበያ ወጣሁ፤ በዚያው ወዳጅ ቤት ጎራ አልኩ። ሃያት አንብባ ስትጨርስ በረንዳ ላይ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ በአጥር በኩል አይተው ምን ሆነሽ ይሏታል። እሷም እንባዋን እየጠረገች ሰሚራ ሞተች ትላለች። በቃ! በእኛ ሰፈር ሞት ከተሰማ መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ሟች ማን እንደሆነች ቀስ ተብሎ ይጣራል። አዴ ጫልቱ ደግሞ የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው። ሃያት ልታስረዳ ብትሞክር፣ ሐዘን ሲጠና እንዲህ ያስቀባጥራል ብለው፣ "ኢና ሊላሂ! አይዞሽ ልጄ፣ አትናገሪ" እያሉ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ያዟት።

ስመለስ ደጃፌ ላይ የእድሩ ድንኳን ቆሟል። ይህን ሳልቀልድ ነው የምነግራችሁ፤ ሟቿ ሃያት ናት ብዬ የያዝኩትን ቲማቲም መሬት ላይ ዘረገፍኩት። ሴቶቹ መሀል በሕይወት ቁጭ ብላ ሳያት ሄጄ ተጠመጠምኩባትና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ይህን ያዩ ሁሉ ሟቿ የእኔ እህት እንደነበረች እርግጠኛ ሆኑ።

በመጨረሻ ሰሚራ የልብወለድ ሰው መሆኗን አስረዳናቸው። ስቀው የሚበተኑ መስሎኝ ነበር። ንፍሮው በስሎ ማን ይነሳል? አዴ ጫልቱ ሟች ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች ይነገረን አሉ። ተረኩላቸው። ባሉን እምቢ ማለቷን ስናገር አንዷ ማሻአላህ አለች። አይሱዙው ጋ ስደርስ ግን የጥያቄ መዓት ወረደብኝ። ሹፌሩ ማን ነው? አላውቅም። ጽፈኸው አታውቅም? ታስሯል ወይ? ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ መንገድ ቡና ያመላለሰች ሴት እንዴት መኪና ሲመጣ አታይም? እኔም ምሁራዊ መልክ ይዤ፣ አይሱዙው ተምሳሌት እንደሆነ፣ ማለትም በሴቶች ላይ የሚደርሰውን ጭቆና እንደሚወክል አብራራሁ።

"ማሎ፣ እባክህ ልጄ" አሉኝ አዴ ጫልቱ፣ "ጭቆናውንማ እናውቀዋለን። እኛ ሞተናል እንዴ?"

ፍርዱ እዚያው ተሰጠ፤ ሰሚራ ካልዳነች ድንኳኑ አይፈርስም። ስለ ጥበብ ነፃነት አንድ ሁለት ቃል ልል ስጀምር ሃያት እስክሪብቶ አቀበለችኝ። ንፍሮዬን እየበላሁ አይሱዙውን ቦይ ውስጥ ከተትኩት። ሴቶቹ ሹፌሩ በነፃ እንዳይሄድ ስላሉ አንድ እግሩን ሰበርኩት። እልልታው ሌላ ሰፈር ተሰማ፤ ለቅሶ ቤት እልል የተባለው ያን ዕለት ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

መጽሐፉ ታትሞ ወጣ። ባለፈው ሰሞን አንድ የኮሌጅ ተማሪ ስለ ፌሚኒዝምና ስለ ልብወለዴ ሴት ገጸ ባሕርያት የመመረቂያ ጽሑፍ ሊሠራ ቤቴ መጣ። አሻፈረኝ ባይዋን ሰሚራን እስከ መጨረሻው በሕይወት ለማቆየት የደፈሩት ከየትኛው የፌሚኒዝም አስተሳሰብ ተነስተው ነው ብሎ በአክብሮት ጠየቀኝ። ደስ አለኝ። ተመቻችቼ ተቀመጥኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ስለ ሴት ልጅ ህልውና አንድ ታላቅ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት ሃያት ቀደመችኝ።

ድንኳኑ ለሌላ ለቅሶ ይፈለግ ስለነበር ነው አለችው።

ልጁ አቀርቅሮ ጻፈው።