አውድማ ላይ የተገራችው ጀልባ

ፈጣሪ በሦስተኛው ቀን ውሃውን ከየብሱ ሲለይ ሸዋ ሮቢትን ከየብሱ ወገን መመደቡ የታወቀ ነው። ይህ ውሳኔ ግን የተላለፈው ከአብዮቱ በፊት ስለሆነ እንደገና መታየት ነበረበት።

ጉዳዩን ያዩት የአካባቢው የእርሻ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ጓድ ሽፈራው ናቸው። በ1972 ዓ.ም. ጥር ላይ ከወዳጅ አገር የተላከች አንዲት ጀልባ፣ አሰብ መቅረት ሲገባት ከትራክተር ጋር ተጭና መጥታ ሮቢት ተራገፈች። ሌላ ሰው ቢሆን ተሳስታ መጣች ይል ነበር። ኃላፊ ደጃፍ የደረሰ ነገር ግን ተሳስቶ አያውቅም።

ደግሞም ጓድ ሽፈራውን የቆላው ሙቀት ሊገድላቸው ደርሷል። ወደ ደብረ ሲና ልዛወር ባሉ ቁጥር "መጀመሪያ ውጤት" ይባላሉ። አሁን ከክፍለ ሀገር ጎብኚ ሊመጣ ነው። ጀልባዋ ደግሞ ያለ ሾፌር መሪዋን በራሱ የሚያዞር ማሽን ተገጥሞላታል። ማሽኑ ከሠራ ደብረ ሲና፣ ካልሠራ እንደገና ሮቢት።

ለጀልባዋ በተቋቋመው ኮሚቴ ስብሰባ ላይ የታይፕ ጸሐፊዋ እትዬ ትርንጎ ከቃለ ጉባኤው ቀና አሉና ጠየቁ፦

"ጓድ፣ ውሃው የት አለ?"

"ውሃ በሁለተኛው ምዕራፍ ተይዟል።"

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይላሉ አበው። ሮቢት ግን ለመውቀጥ የሚበቃ ውሃም አልነበራትም። እንዲያም ሆኖ በደረቀው የሮቢ ወንዝ አሸዋ ላይ በድንጋይና በሳንቃ ወደብ ተሠራ፤ ጀልባዋም እንዳታመልጥ በጠፍር ታሰረች።

የማሽኑን መመሪያ የሚያነብ አልተገኘም፤ ሥዕል ግን ነበረው። በአንደኛው ሥዕል ጀልባዋ ወደብ ላይ ታስራለች፤ ተፈጸመ። በሁለተኛው ከኋላዋ ያለው መሪ መሐል ለመሐል ቀጥ ብሏል፤ ይህም ተፈጸመ። በሦስተኛው፣ ማሽኑ አቅጣጫ እንዲለምድ፣ ጀልባዋ ኮምፓሷን ይዛ ቀስ ብላ ክብ ትዞራለች። እዚህ ላይ ኮሚቴው ተከዘ። በይፋት ምድር ቀስ ብሎ ክብ የሚዞር ነገር ቢፈለግ የተገኘው አንድ ብቻ ነው፤ የውቂያ በሬ።

ማሽላውን ወቅቶ ያልጨረሰው አደም ከነበሬዎቹ ተጠራ። ጀልባዋ በግንድ ላይ ተጭና አውድማው ላይ ወጣች፤ ከበሬዎቹ ቀንበር ጋርም ታሰረች። አደም ቢስሚላሂ ብሎ ጅራፉን አነሣ። በሬዎቹ እየዞሩ፣ የወደቀ ፍሬ ባዩ ቁጥር አቀርቅረው ይቆማሉ። ጓድ ሽፈራው ያን ጊዜ ሁሉ ዝም እንዲባል ያዝዛሉ፤ ማሽኑ እየተማረ ነው።

ጀልባዋ ዞረች፣ በሬዎቹ ዞሩ፣ ኮሚቴውም ተከትሎ ዞረ። የኮምፓሱ መርፌ ብቻ እንቢ አለ። ሁሉ ሲዞር እሱ ወደ ሰሜን እንዳፈጠጠ ቀረ። በዚያ ዘመን ወደ ሰሜን አብዝቶ ማየት ደግ አልነበረም።

"አደም፣ ወዴት ነው የሚያየው?" አሉ ጓድ ሽፈራው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ወደ ወሎ ነው ጌታዬ።"

"ከወሎ ወዲያስ?"

"ከወሎ ወዲያ ያለውን አላህ ያውቃል። እኔ በሬዎቼን ነው የማየው።"

ኮሚቴው ተሰብስቦ መርፌውን በሌለበት ተቸው። የአደም ማረሻ ብረት ተፈቶ ከጎኑ ቢቀመጥ ጊዜ ተንቀጥቅጦ ተንቀጥቅጦ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ መለሰ። ተጨበጨበ። አደም ግን ያለ ማረሻ ወደ ቤቱ ሄደ።

ጎብኚው በመጡ ዕለት ጀልባዋ ወደ ወደቧ ተመልሳ የትራክተር ባትሪ ተገጠመላት። ማሽኑ አጉረመረመ፤ መሪው ማንም ሳይነካው ወደ ቀኝ ዞረ፣ ወደ ግራ ዞረ። ጀልባዋ ከአሸዋው ላይ ንቅንቅ አላለችም።

"ከመስመሯ ስንዝር አልወጣችም" አሉ ጎብኚው እያጨበጨቡ። ጓድ ሽፈራውን አቅፈው ምን ላድርግልዎ ቢሏቸው፣ ደብረ ሲና አሉ በለሆሳስ።

"እንዲህ ያለ ሰው ከወደቡ ይነጠላል? ጡረታዎ እስኪደርስ የወደቡ ኃላፊ እርስዎ ነዎት።"

 ጎብኚው ቀጥለው፣ ይህን ታላቅ ሥራ የተቃወመ ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ጓድ ሽፈራውም ባይሆን ንዴታቸውን የሚወጡበት ሰው አገኙና፣ እትዬ ትርንጎ ውሃው የት አለ ማለታቸውን አሳበቁ።

የጎብኚው ፊት ጠቆረ። "በውሃው እምነት የሌላት ሴት ወደብ ላይ ምን ትሠራለች? ዛሬውኑ ትዛወር።"

"ወዴት፣ ጓድ?"

"ወደ ደብረ ሲና። ብርዱ ይቅጣት።"

የዝውውሩን ደብዳቤ ታይፕ ያደረጉት እትዬ ትርንጎ ራሳቸው ናቸው፤ እንደዚያ ቀን ፈጥነው ጽፈው አያውቁም። ጓድ ሽፈራው ሲፈርሙ ላባቸው ፊርማው ላይ ጠብ አለ፤ እትዬ ትርንጎም እንዳይበላሽ እፍ፣ እፍ እያሉ አደረቁት።