ሽማግሌዎች በትልቁ ሆቴል

ጋሽ ወንዳፍራሽ ጠዋት ጠዋት ስደተኛ ከሚበዛበት ከኢስትሊ ሰፈር በሸራ ጫማ ይወጣሉ። መሃል ናይሮቢ ሲደርሱ ከትልቁ ሆቴል ጀርባ ቆመው በጥቁር ቆዳ ጫማ ይቀይሩትና በፊት ለፊቱ በር ይገባሉ። ስደተኛ ባለበት ከተማ ሁሉ አንድም ሌሊት ያላደረበትን ሆቴል እንደ አባቱ ርስት የሚያስጎበኝ ሰው አይታጣም።

"ይህን ያሠሩት እንግሊዞች ናቸው" ይላሉ ክቡርነታቸው፣ አዲስ ስደተኛ ባገኙ ቁጥር። "ግንቡ ሳይደርቅ አንበሳ ገብቶ ደረጃው ላይ ተኝቷል። ያኔ እኔንና አንተን የመሰለ ሰው በዚህ በር የሚያልፈው ትሪ ተሸክሞ ነበር። ዛሬ ግን ጫማህን ጥረግና ግባ! ሶፋው ማንነትህን አይጠይቅም።" የአንበሳው ቁጥር በየዓመቱ ይጨምራል።

የሱቅ ሠራተኛው ታመነ ይህን ታሪክ ሽሽት መንገድ ይቀይር ነበር። የሺወርቅን ለማግባት ሲነሳ ግን ሽማግሌ የሚሆነው ሌላ ትልቅ ሰው አላገኘም። የልጅቷ አባት አቶ መኳንንት አዲስ አበባ ያሉ ቤቶቻቸውን ደርግ ወርሶባቸው፣ ኢስትሊ በአንዲት ክፍል ከነቤተሰባቸው ይኖራሉ።

"ሽማግሌ አልጋ ላይ አስቀምጬ አላነጋግርም" አሉ። "ቤት እስካገኝ ይቆይ።"

ቤቱ መቼ እንደሚገኝ እግዜር ይወቅ። ታመነ ተስፋ ቆረጠ።

"ቤትማ አለን!" አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አቶ መኳንንት የሆቴሉ ሶፋ ላይ ተሰየሙ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሽማግሌዎቹ እየመሰሏቸው "ኖር!" ብለው ብድግ ይላሉ። ጀርመናውያን አገር ጎብኚዎች በደስታ እጅ እየነሱ አለፉ። ታመነ ከዘንባባው ኋላ ተሸሽጎ ላቡን ይጠርጋል።

በመጨረሻ ጋሽ ወንዳፍራሽ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ገቡ።

"ተቀመጡ እንጂ።"

"መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም" አሉና እንደ ወጉ ተደርድረው ቆመው ጉዳዩን ተናገሩ።

አቶ መኳንንትም እንደ ወጉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ ዘመድ ላማክርና ከወር በኋላ..."

አስተናጋጁ ደረሰ። "ምዜ፣ መተላለፊያ ዘግታችኋል" አለ፣ "አባት" የምትለዋን በስዋሂሊ፣ ሌላውን በእንግሊዝኛ። "ወይ ተቀመጡ፣ ወይ ውጡ።"

ጋሽ ወንዳፍራሽ ለአቶ መኳንንት ቃል በቃል ተረጎሙላቸው፤ ከራሳቸውም ጨመሩ። "መቀመጥ አንችልም፣ መልስ የለም። ከወጣን ደግሞ 'መኳንንት ሽማግሌ አባረረ' ይባላል።"

"ምን ጉድ ነው! ዘመድ ሳላማክር?"

"ዘመድዎ ያለው አዲስ አበባ ነው ጌታዬ። አስተናጋጁ ያለው እዚህ ነው።"

አቶ መኳንንት አስተናጋጁን አዩ፤ ሽማግሌዎቹን አዩ። ሳቅ አፈናቸው።

"ተቀመጡ በቃ! ሰጥቻለሁ!"

ሦስቱም ባንዴ ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። አስተናጋጁ ትእዛዙ በመከበሩ ደስ ብሎት ሻይ ይዞ መጣ። ታመነ ከዘንባባው ኋላ ሮጦ ወጥቶ የጋሽ ወንዳፍራሽን ጉልበት ሊስም ተደፋ።

"ተነስ አንተ! ሆቴል እኮ ነው፣ ሰው ያየናል" አሉት፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል።

የታመነ አባት ደሴ ናቸው፤ ከአገር መውጣት አይችሉም። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ኢስትሊ ይደረጋል፤ በአባት ወንበር የሚቀመጡት ጋሽ ወንዳፍራሽ ናቸው።