ከአዋሽ የተሳፈረው ጨዋ ሰው

ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከአዋሽ ወደ ሰመራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ አንድ የሸንኮራ አገዳ ቆራጭ በሙቀት አንደበቱ ተያዘ። ማንም አላወቀም።

መቼም ጨዋ ተሳፋሪ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። መስኮት ይከፈት አይል፣ ይዘጋ አይል። ከእሱ የተሻለ የመንገድ ጎረቤት ከየት ይገኛል? ይህኛው ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ተቀምጧል፤ ፀሐይ ሲመታው እንኳ አልጨፈነም። አጠገቡ የነበረው የወሎው ባለሱቅ ሰይድ የሰውየው ትከሻ ላይ ጥሩ እንቅልፍ ተኝቶ ነቃና፣

"ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ጨዋ አይቼ አላውቅም! ትንፍሽ አላለም እኮ" አለን። ሁላችንም በአድናቆት ራሳችንን ነቀነቅን።

ገዋኔ ላይ አንድ አፋር ሽማግሌ ተሳፈሩ። እሳቸው ዳጉ ሳይለዋወጡ፣ ማለትም ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ሳይባባሉ፣ ከሰው ጎን መቀመጥ አይሆንላቸውም። የእያንዳንዳችንን እጅ እየያዙ ወሬ ጠየቁ። ከሰውየው ሲደርሱ ግን እጁን አልለቀቁም።

"ይሄ ሰው እሳት ነው። ከማን ጋር ነው?"

"ተኝቶ ነው አባባ፣ አይረብሹት" አለ ሰይድ።

"ዓይኑ እያየኝ?"

ሚሌ ላይ ሽማግሌው ሰውየውን ደግፈው ወደ ክሊኒክ ወረዱ።

ሰመራ ስንገባ ዳጉው በስልክ ቀድሞን ደርሷል። አንድ አፋር የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነገረን፤ እኔም ወደ ክሊኒኩ ደውዬ አረጋገጥኩ። ሰውየው ድኗል። መንገዱን ሙሉ ያወራነውን ሁሉ ይሰማ ነበር፤ መልስ መስጠት ነው ያቃተው። አንደበቱ ሲፈታ መጀመሪያ የጠየቀው፣ "ትከሻዬ ላይ የተኛው ወንድሜ በሰላም ገባ?" ብሎ ነው።