የምትንቀጠቀጠዋ ፕላኔት አምባሳደር

በየቤቱ አንድ የተለከፈ ሰው አይጠፋም። አንዱ ቤት በእርግብ የተለከፈ አለ። ሌላው ቤት አሮጌ ሬዲዮ ፈትቶ መልሶ መግጠም የሚያቅተው አለ። ሦስተኛው ቤት ስለ ጤና ያነበበውን ሁሉ በሌላ ሰው ሆድ ላይ የሚሞክር አለ። ምልክታቸው አንድ ነው፤ ፍቅሩ የእነሱ፣ ፍዳው የቤተሰቡ። እኛ ቤት ደግሞ፣ ማን ምን በድሎ እንደሆነ እንጃ፣ አምባሳደር ደረሰን።

ክቡር አምባሳደር ታናሽ ወንድሜ ነው። እንጀራው ኬክ ማስጌጥ ነው፤ በክሬም መጻፍ እንደሱ የሚሆንለት ሰው አላየሁም። የክሬሙን ከረጢት ጨመቅ ሲያደርገው "እንኳን ተወለድሽ" የሚለው ቃል ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ክር ተስቦ ይወጣል፤ እጁ ንቅንቅ አይልም። ይህን እጅ ልብ በሉልኝ፤ መዘዙ ሁሉ የመጣው ከሱ ነው።

አምባሳደርነቱን የሰጠው የለም፤ ራሱን በራሱ ነው የሾመው። አንድ የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልም አለ፤ ታሪኩ ዜልሚ በምትባል፣ መሬቷ ከመንቀጥቀጥ አርፋ በማታውቅ ፕላኔት ላይ ነው። የፊልሙ ሠሪዎች፣ ሥራ ፈትተው መሰለኝ፣ ለነዋሪዎቿ የራሳቸውን ፊደል ፈጠሩላቸው። ሌላው ሰው ፊልሙን አይቶ ተኛ። ወንድሜ ፊደሉን አጥንቶ በሱ ሥዕል መሥራት ጀመረ። የዜልሚ ተራራ ከነገደሉ ከፊደል ተሠራ፤ የዜልሚ ወፍ ላባዋ በሙሉ ፊደል ሆነ፤ የዜልሚ ንግሥት ሹሩባዋ ሳይቀር ፊደል ነው። መጀመሪያ በወረቀት ነበር። ወረቀት ሲያልቅበት ወደ እኔ ዕቃ ዞረ።

የትራስ ልብሴ ላይ የዜልሚ እንጉርጉሮ አለ። የማቀዝቀዣው በር ላይ አንድ የጦር አዛዥ ከሦስት ዓይኖቹ ጋር ቆሟል፤ ወተት ላወጣ በሄድኩ ቁጥር ያፈጥብኛል። የውጭው በር ላይ ደግሞ በነጭ ቀለም "እንኳን ደህና መጡ" ብሎ መጻፉን ነግሮኛል፤ ለማመን እንጂ ለማንበብ አልታደልኩም። አንድ ጠዋት ጎረቤታችን አገኘችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እንዲያው ልጠይቅሽ፣ ማን ላይ ነው ያስደገማችሁት?" አለችኝ።

"ኧረ የፊልም ፊደል ነው!"

"እሱማ፣ መቼም አስደገምኩ የሚል የለም" ብላኝ አለፈች። ከዚያን ቀን ወዲህ በራችን ጋ ስትደርስ መንገድ ትሻገራለች።

ኬክ ቤቱም አልተረፈም። አንድ ሰውዬ ለአለቃው የጡረታ መሸኛ ያዘዘው ኬክ ዙሪያውን በዜልሚ ፊደል ታጥሮ ወጣ። ሰውዬው ኬኩን አየና፣ "እኔ ልሸኘው እንጂ ልገድለው መቼ አልኩ?" ብሎ ጮኸ። የኬክ ቤቱ ባለቤት ይቅርታ እየጠየቁ ጽሑፉን በቢላ ጠርገው በፍራፍሬ ሸፈኑት። ወንድሜ ቤት ገብቶ ያዘነው ለሰውዬውም፣ ለባለቤቲቱም አይደለም። "እነሱ ጋ እንደዚህ አይደለም" አለኝ። "እነሱ ጋ የተጻፈ ነገር አይጠረግም።"

ይህቺ "እነሱ ጋ እንደዚህ አይደለም" የምትባል ነገር ዕድሜዬን አሳጥራዋለች። ሳህን እጠብ ስለው፣ እነሱ ጋ ሳህን የሚያጥበው ቀድሞ የጨረሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ቀድሞ ጨርሶ አያውቅም። አግባ ስለው፣ እነሱ ጋ ሰው የሚያገባው ሁለተኛዋ ጨረቃ ስትወጣ ነው።

"እኛ ጋ ያለችው አንድ ጨረቃ ናት!"

"እኮ፣ ችግሩ እሱ አይደል እታለም?"

በዚህ መሀል አባባን ስትሮክ መታው። አባባ ጡረታ እስኪወጣ የእጅ ጽሕፈት መምህር ነበር። የሰፈሩ ግማሽ ሰው እርሳስ መያዝ የለመደው እሱ ጣቱን ይዞ እያስጻፈው ነው። የጠመመ ፊደል ካየ እህል አይወርድለትም፤ የፋርማሲ ማስታወቂያ ሳይቀር ቆሞ ያርም ነበር። ስትሮኩ አንደበቱን ማረው፣ እግሩንም ማረው፤ ቀኝ እጁን ግን እያንቀጠቀጠ ተወለት። ቤት ድረስ እየመጣች የምታሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቁርጡን ነገረችን፦ "እጁን አሁን ካላሠራው በኋላ ቢፈልገውም አያገኘውም። ይጨብጥ፣ ይጻፍ፣ የፈለገውን ያድርግ፤ ብቻ ያሠራው።"

አባባ አንድ ቀን ስሙን ሊጽፍ ሞከረ። የጻፈውን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና እጁን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀበረው። በግራው ይበላል፣ በግራው ሰላም ይላል። እንዲጨብጣት የተሰጠችውን ኳስ ከሶፋው ሥር አቧራ ለብሳ አገኘኋት። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ባለቅስበት፣ መልሱ "ተይኝ ልጄ" ብቻ ሆነ። የአባቴ እጅ ዓይኔ እያየ ሊሞት ነው፤ እኔ ደግሞ ምንም ላደርግ አልቻልኩም። ፈራሁ።

አምባሳደሩ ግን የራሱ ሐዘን ነበረበት። ሥዕሎቹን በኢንተርኔት ለዜልሚ ወዳጆች ማኅበር ይልካል። ከየአገሩ የተጠራቀሙ የሱ ብጤዎች ናቸው። ሁልጊዜ የሚመጣለት መልስ ያው ነው፦ "ያምራል፤ ግን ቀጥ ብሏል።" ለካስ መሬት እየተንቀጠቀጠ የሚጻፍ ፊደል መንቀጥቀጥ አለበት! ቀጥ ያለ መስመር እነሱ ጋ የእንግዳ እጅ ነው። የኬክ ቤቱ እጅ ደግሞ መንቀጥቀጥ ከየት ይምጣለት? ሆን ብሎ ሲያወዛውዘው እንደ መጋዝ ጥርስ እኩል እኩል እየሆነ ይወጣል።

ስለዚህ ክቡርነታቸው መንቀጥቀጥ ፍለጋ ተሰማሩ። አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ ሆነው ሞከሩ፤ ያን ቀን ሾፌሩ ጨዋ ሆኖ ዋለ። በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበው ሞከሩ፤ ያተረፉት ጉንፋን ነው። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ሳሎን መሀል ተጎትቶ መጥቷል። መታጠቢያ ቤቱ ለሥዕል ብርሃን አይበቃውማ! ውስጡ የእኔ አንሶላ ይሽከረከራል፤ ላዩ ላይ ወንድሜ ሰሌዳውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ጉንጩ እየተርገፈገፈ፣ ቂብ ብሎ ይጽፋል። ፊት ለፊቱ ሶፋው ላይ አባባ፣ እጁን እንደቀበረ፣ ያየዋል።

ደሜ ፈላ። ሶኬቱን ነቀልኩት።

"አንተ! ኅሊና የሚባል ነገር የለህም? እሱ ፊት ቁጭ ብለህ መንቀጥቀጥ ትለማመዳለህ?"

ወንድሜ ወደ አባባ ዞረ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሁለቱን ነገር አያይዞት እንደማያውቅ ፊቱ ላይ አየሁ። ከዚያ ደግሞ፣ ማንም ያላነሳውን የአባባን እጅ ነገር መሀል ሳሎን ያነሳሁት እኔው መሆኔ ገባኝ።

"ምን አቅቶት ነው?" አለ አባባ።

"ፊደሉ ቀጥ እያለ አስቸገረኝ አባባ" አለ ወንድሜ፣ ከማሽኑ ሳይወርድ።

"ቀጥ ማለቱ ነው ጥፋቱ?"

"እነሱ ጋ ... አዎ።"

አባባ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። "እስቲ አምጣው" አለ፤ ብርድ ልብሱን ገለጠና እጁን አወጣ።

ብዕሩን ጣለው፤ ወንድሜ አነሳለት፤ እንደገና ጣለው። ከዚያ ያዘው። ከሥዕሉ እያየ አንድ ፊደል ጻፈ፣ ቀጥሎም ሌላ። መስመሩ ይርዳል፣ ይዘላል፣ ተመልሶ ይጠማዘዛል፤ ሁለት ቦታ እኩል አይሆንም። እኔ ዕንባዬ መጣ። ወንድሜ ግን አላለቀሰም፣ አባባንም አላባበለም። ቀናበት! ዓይኑን አፍጥጦ፣ "እንዴት አርገህ ነው?" አለው።

"መች ተማርኩት? ወረደብኝ እንጂ" አለ አባባ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ።

ወንድሜ አስቦበት ነው ብላችሁ እንዳትመርቁብኝ። እኔ አውቀዋለሁ፤ ከዜልሚ ሌላ የሚያስበው ነገር የለም። ደግነቱም እንደ ጥፋቱ ሁሉ ሳያውቀው ነው የሚያመልጠው።

አባባ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ጻፈ። የጨረሳትን አንዲት ወፍ ወንድሜ ለማኅበሩ ላካት። መልሱ ሲመጣ ከስልኩ ጮክ ብሎ አነበበልን፦ "ይህ ሰው እዚያ ኖሯል።" እሱ ራሱ ስንት የለፋበት፣ አግኝቶት የማያውቀው ቃል ነው። ጎንበስ ብሎ ያን የሚንቀጠቀጥ እጅ ሳመ። ሹመቱን ያስረከበ መሰለኝ።

ዛሬ አባባ የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ይቆልፋል። እጁ መንቀጥቀጡን አልተወም፤ መደበቁን ግን ትቷል። ባለሙያዋ ተገርማ "ምን አደረጋችሁት?" ብትለኝ፣ "ፕላኔት ቀየርንለት" አልኳት።

እኔ ግን ምን አተረፍኩ? አምባሳደሮቹ ሁለት ሆኑብኝ። ትናንት አዲሱን አንሶላዬን ስዘረጋው ከራስጌ እስከ ግርጌ የሚርገደገድ ፊደል ሞልቶበታል። ሁለቱም ሶፋው ላይ ተደርድረው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

"ምን ይላል ይሄ?" አልኩ።

"ተቀመጪና ራስሽ አንብቢው" አለ አባባ፣ በዚያ በድሮው የመምህር ድምፁ። እርሳስና ወረቀት አቀበለኝ፤ ማንበብ እሱ ጋ የሚጀምረው ከመጻፍ ነው።

ተቀመጥኩ። የአንሶላውን የመጀመሪያ ፊደል እያየሁ ጻፍኩ፤ ልጅ ሆኜ ጣቴን ይዞ እንዳስተማረኝ፣ አሳምሬ፣ ቀጥ አድርጌ። አባባ ቀይ እስክሪብቶውን አነሳና እየተንቀጠቀጠ ትልቅ ኤክስ አደረገበት።

"እነሱ ጋ እንደዚህ አይደለም" አለኝ። "ድገሚው።"

ደገምኩት።