የሊቀ ይቅርታ ያረጋል ሰባተኛ አደጋ

ጠብ ከሚነሣ የሌላውን ጥፋት ቢሸከም የሚመርጥ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ለፍኖተ ሰላም የደረሷት፣ ቡሬ የሚመላለስ ሚኒባስ ያላቸው አቶ ያረጋል ናቸው። በአንድ የኢንሹራንስ ቅርንጫፍ የካሳ ሠራተኛ የሆነችው ትሕትና ግን በልቧ «ሊቀ ይቅርታ» ብላ ሾማቸዋለች።

ሹመቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ጅጋ ገበያ ላይ የደነበረ በሬ የሚኒባሳቸውን በር በቀንዱ ቢወጋው፣ ሊቀ ይቅርታ ወርደው የበሬውን ባለቤት ይቅርታ ጠየቁ። ባጃጅ ከኋላ ገብቶ መብራታቸውን ሲሰብረው «ምነው ቀስ አልሁ!» ብለው ራሳቸውን ወቀሱ። ግንብ ቢናድባቸው እንኳ ግንቡን «አይዞህ» ሳይሉት አይቀሩም።

ከዚያ ሽማግሌ ይቀመጣል። በአገሩ ወግ መታረቅ የፈለገ ሰው «አጥፍቻለሁ» ይላል፤ እሳቸው ደግሞ ማንም ሳይጠይቃቸው ይላሉ። የእርቁ ወረቀት ላይም ይፈርማሉ። ያችን ወረቀት በክብር አጣጥፈው ለትሕትና ያመጡላታል።

«ይኸው ልጄ፣ በሰላም ጨረስን።»

«ጋሽ ያረጋል! እርስዎ ሰላም ባወረዱ ቁጥር እኮ እኛ መዝገብ ላይ ጥፋተኛ እየሆኑ ነው!»

ስድስት አደጋ፣ ስድስት እርቅ። መጀመሪያ አደጋ ለሌለበት ሰው የሚደረገው ቅናሽ ቀረባቸው። ከዚያ በየዓመቱ የሚከፍሉት አረቦን ጨመረ፤ ቀጥሎ ከየካሳው ራሳቸው የሚችሉት ድርሻ ከፍ አለ። በመጨረሻ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ፦ ዘንድሮ አንድ ጥፋት ቢደገም ሙሉ ሽፋኑ አይታደስም። ሚኒባሱ ደግሞ የባንክ ብድር አለበት፤ ሙሉ ሽፋን ከሌለው ባንኩ ይወስደዋል።

ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቡሬ መገንጠያ ላይ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ወደ ኋላ ሲል የቆመውን ሚኒባስ አፍንጫ ጨፈለቀው። ትሕትና በስልክ ስትሰማ ጮኸች።

«ሽምግልናው ላይ አንዲት ቃል እንዳትወጣዎት! በማርያም ይዤዎታለሁ!»

በማርያም ተይዘው ምን ይበሉ? ሽማግሌ ፊት ቀርበው ዝም አሉ። አፋቸው አልታዘዝ ሲላቸው በጋቢያቸው ይሸፍኑታል። አቶ ያረጋል ዝም ሲሉ ያየ ሰው የለምና ጉባኤው ደነገጠ፤ ቂም ይዘዋል ተባለ። ከሁሉ የፈራው የአይሱዙው ባለቤት እጅጉ ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ዝምታው አልፈታ ሲለው፣ አምና የሰው አጥር መግጨቱንም ተናዘዘ።

ትሕትና ሽፋኑን እየሣቀች አደሰችላቸው። እሳቸው ግን ለቅሶ ቤት የገቡ ይመስል አቀርቅረዋል።

«ምነው ጋሽ ያረጋል? ተረፉ እኮ!»

«እኔስ ተረፍሁ። ይብላኝ ለእጅጉ። እሱም የናንተው ደንበኛ ነው፤ እንግዲህ አረቦኑ ይጨምርበታል አይደል?»

«ይጨምርበታል።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ታዲያ ልጄ፣ ጭማሪዋን ወደ እኔ ማዞር አይቻልም?»

ትሕትና ልትቆጣ ቃጥቷት ተወችው። መሥሪያ ቤቱ አደጋ ለሚያበዛ ደንብ አለው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የለውም። እኒህን ሰው ምን ያህል እንደምትወዳቸው የገባት ያኔ ነው።

«አይቻልም» አለቻቸው። ከወንበሯ ተነሥታም ትከሻቸውን ሳመች።