ግጥም የሌለው ሙዚቃ ለመስማት አዲስ አበባ ስለመሄድ

የአቶ ሽብሩ ላምቦሬ ቤተሰብ የክረምት ዕረፍት ኮሚቴ አንደኛ መደበኛ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ሆሳዕና፣ የሰብሳቢው ሳሎን
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 9፡20 ተጀመረ

የተገኙ፦
አቶ ሽብሩ ላምቦሬ፣ ሰብሳቢ (አባት፤ ምክትል ርዕሰ መምህር፤ ያለ ቃለ ጉባኤ ሻይ የማይጠጡ)
ወ/ሮ ውቢት ሄራሞ፣ ምክትል ሰብሳቢ (እናት)
አቶ ሀብቴ ላምቦሬ፣ ታዛቢ (የሰብሳቢው ታላቅ ወንድም፤ ሆመቾ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፤ ማን እንደጠራቸው አልታወቀም)
ሚክያስ ሽብሩ፣ አባል (14 ዓመት፤ በአካል ተገኝቷል)
ርብቃ ሽብሩ፣ ጸሐፊ (17 ዓመት፤ የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ)

ያልተገኘ፦ የለም። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሰብሳቢው ታዛቢ ይቆጠራል ወይ ብለው ቢጠይቁ፣ አቶ ሀብቴ በዚህ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚቆጠሩት እሳቸው መሆናቸውን አስረድተዋል።

ስብሰባው በአቶ ሀብቴ ጸሎት ተከፈተ። ጸሎቱ አገርን፣ ዝናብን፣ የእንሰት በሽታንና ከተማ ሄደው የጠፉ ልጆችን የዳሰሰ ሲሆን፣ በመጨረሻው ላይ አጀንዳው ገና ሳይነበብ ውሳኔ የተሰጠበት መስሏል። አሜን ተብሏል።

ቀጥሎ የጸሐፊ ምርጫ ተካሄደ። ርብቃ የእጅ ጽሑፏ ይነበባል ተብላ በሙሉ ድምፅ ተመረጠች። ከተመረጠች በኋላ ጸሐፊ ድምፅ እንደማይሰጥ ተነገራት። ቀድሞ ቢነገራት ኖሮ ጽሑፏ አይነበብም ነበር።

አጀንዳ 1፦ የት ይኬድ?

ጸሐፊዋ በወጣቶች መዘምራን ውስጥ ቤዝ ጊታር ትጫወታለች። ጊታሩ የቤተ ክርስቲያን ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ውጤት እየጠበቀች ስለሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ የተመደበች ቀን ጊታሩን ታስረክባለች፤ ከዚያ በኋላ እጇ የሚገባ አይመስላትም። ከማስረከቧ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዕድሜውን ሙሉ ቤዝ ሲጫወት የኖረን ሰው፣ ጣቶቹን በዓይኗ እያየች፣ መስማት ትፈልጋለች። አዲስ አበባ ውስጥ ሐሙስ ማታ ዘፋኝ ሳይኖር መሣሪያ ብቻ የሚሰማበት ቤት አለ። የቤተሰቡ ዕረፍት አዲስ አበባ ይሁንልኝ ያለችው ለዚሁ ነው፤ ሌላ ምክንያት የላትም፤ አልደበቀችም።

ሚክያስ ሐዋሳ ይሻላል አለ። ለምን ሲባል ዋይፋይ ስላለ አለ። ዋይፋይ አዲስ አበባም እንዳለ ሲገለጽለት ሐሳቡን አንስቶ ለቀሪው ውይይት ወደ ስልኩ ተመልሷል።

አቶ ሀብቴ ጎመን በጤና፣ ቤታችን እንረፍ አሉ። ሰብሳቢው የትምህርት ቤቱ መምህራን ሁሉ ክረምት የት ከረምክ ብለው እንደሚጠይቋቸው፣ ቤቴ ማለት እንደሰለቻቸው አስረዱ። ነገር ግን ሙዚቃ ለመስማት ሄዱ መባሉ ለምእመናን ጆሮ ከባድ እንደሆነም አከሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ አዲስ አበባ እንዲኬድ፣ የጉዞው ዓላማም "ጠቅላላ ዕውቀት" ተብሎ እንዲመዘገብ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ማረፊያ

አዲስ አበባ የሰብሳቢው እህት ወ/ሮ ጵርስቅላ ይኖራሉ። እህት ባለችበት ከተማ ሆቴል ያደረ ሰው ከዘር መዝገብ እንደሚሰረዝ ሁሉም ያውቃል። እሳቸው ጋ ማረፍ ደግሞ ሌላ ችግር አለው፦ ቤታቸው ማታ የቤተሰብ ጸሎት አለ፣ ከጸሎት በፊት እራት አለ፣ ከእራት በፊት ጥያቄ አለ። ሐሙስ ማታ ከዚያ ቤት የሚያመልጥ የለም።

ሰብሳቢው ለእህታቸው ሳይነገር ሆቴል ይታደር የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡን ሲያቀርቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል፤ እህታቸው ያሉት ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ነው።

አቶ ሀብቴ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብለው ከአባታቸው ቤት አሠራር ጀመሩ። ጣሪያው ሲከደን ጸሐፊዋ መጻፍ አቁማ ነበር። ሲደመደም፣ የላምቦሬ ልጅ ባዶ እጁን አዲስ አበባ እንደማይገባ፣ ስለዚህም ቆጮና ቅቤ አስቀድመው አዝዘው ነገ እንደሚደርስ አሳወቁ።

ወ/ሮ ውቢት ቆጮው ለእህታችን ከሆነ፣ እህታችን ሳታውቅ እንዴት ይደርሳታል ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው ቆጮው ሆቴል ይግባ ቢሉ፣ ቆጮ ሆቴል ከገባ ማን ከየት እንደመጣ ፎቁ ሁሉ ከሽታው እንደሚያውቅ ሚክያስ ከስልኩ ቀና ሳይል ተናገረ። ይህ በስብሰባው ላይ የሰጠው የመጀመሪያ ጠቃሚ አስተያየት ነው።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሆቴል እንዲታደር፣ ቆጮውና ቅቤው ወ/ሮ ጵርስቅላ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ በሩ ሳይንኳኳ እንዲሮጥ ተወሰነ። ሯጭ ሆኖ ሚክያስ ተመደበ። ተመዳቢው ተቃውሞውን አስመዝግቧል።

አጀንዳ 3፦ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ዘፈን ነው ወይስ አይደለም?

አቶ ሀብቴ ዘፈን ነው አሉ።

ጸሐፊዋ ለማብራሪያ ብቻ ዕድል ተሰጥቷት፣ ዘፈን ዘፈን የሚባለው በቃሉ እንደሆነ፣ እዚያ ግን ቃል የሚባል ነገር እንደሌለ አስረዳች። አቶ ሀብቴ እሱማ ይብሳል አሉ፤ ቃል ያለው ቢያንስ ምን እያለ እንደሚያስትህ ታውቃለህ።

ሰብሳቢው መባ ሲሰበሰብ ቤተ ክርስቲያንም ኪቦርድ ብቻውን እንደሚጫወት ጠቅሰው፣ ያ ምን ሊባል ነው አሉ። አቶ ሀብቴ ያኛው ከረጢት ስለሚዞርበት መንፈሳዊ ነው ሲሉ መለሱ። ሚክያስ እንግዲያው እኛም ከረጢት ይዘን እንሂድ፣ ሲጫወቱ እናዙራለን አለ። ተግሣጽ ተሰጥቶታል። ወ/ሮ ውቢት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ታይቷል።

በዚሁ መነሻ ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ ሰፊ ክርክር ተደረገ። ራስ መነቅነቅ በነገሩ የተስማማ ሰውም የሚያደርገው ስለሆነ ተፈቀደ። እግር ከጠረጴዛ በታች እስከሆነ ድረስ ተፈቀደ። ትከሻ ተከለከለ። አቶ ሀብቴ የሀዲያ ሰው ሲደሰት ይዘላል እንጂ ትከሻውን አይሰብቅም፣ ትከሻውን መከልከል ምንም አይጎዳንም አሉ። ሰብሳቢው እንግዲያው መዝለልም ይከልከል ሲሉ፣ አቶ ሀብቴ ኳየሩም እንደሚዘል አስታውሰው ነገሩ ለሽማግሌዎች ጉባኤ እንዲመራ ጠየቁ። ተመርቷል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦ ሐሙስ ማታ ይኬዳል፤ በር አጠገብ ይቀመጣል፤ ሁለት ዜማ ብቻ ተሰምቶ ይወጣል፤ አቶ ሀብቴ አብረው ሄደው በጸሐፊዋና በተጫዋቾቹ መካከል ይቀመጣሉ። አቶ ሀብቴ ሰፊ ሰው ናቸው።

ጸሐፊዋ አዝናለች። ይህ አጀንዳ አይደለም፤ ግን ስለሆነ ተጽፏል።

ልዩ ልዩ

ስብሰባው ሊጠናቀቅ ሲል የሰብሳቢው ስልክ ጠራ። ደዋይዋ ወ/ሮ ጵርስቅላ ነበሩ። ሰብሳቢው ደንግጠው የነኩት ቁልፍ ስፒከሩን ስለከፈተው ጉባኤው በሙሉ ሰምቷል።

ወ/ሮ ጵርስቅላ ልትመጡ እንደሆነ ጋሼ ሀብቴ ጠዋት ነግሮኛል አሉ። ሁሉም ወደ አቶ ሀብቴ ዞረ። አቶ ሀብቴ ወደ ጣሪያው ዞሩ። ወ/ሮ ጵርስቅላ ቀጥለው፣ በዚህ ዝናብ እናንተ ለምን ትንገላታላችሁ፣ ባለቤቴንና አራቱን ልጆቼን ይዤ ማክሰኞ እኔው እመጣለሁ፣ ሁለት ሳምንት አብረን እንጫወታለን፤ የቤታችን ቁልፍ ጎረቤት ጋ ስለሚቀመጥ ሐሳብ የለብኝም አሉ። ሰብሳቢው እንኳን ደህና መጣችሁ ሦስት ጊዜ ብለዋል፤ ሦስተኛው አልተሰማም።

ስልኩ ሲዘጋ ሰብሳቢው ጉዞው ቀርቷል አሉ። አቶ ሀብቴ እግዚአብሔር የጠበቀን ነው አሉ። ሰብሳቢው ወደ ወ/ሮ ውቢት ዞረው ፍራሽ ከየት እንደሚለመን ጠየቁ።

ጸሐፊዋ መጻፏን ቀጥላለች፤ ሁለት መስመር ግን እርጥብ ነው፤ ቢነበብም ባይነበብም ግድ የላትም።

ወ/ሮ ውቢት የመናገር ዕድል ጠየቁ። በዚህ ቤት ዕድል ጠይቀው ሲናገሩ ይህ የመጀመሪያቸው ስለሆነ ሰብሳቢው እጃቸውን አጣጥፈው ቁጭ አሉ።

ወ/ሮ ውቢት፦ "የጵርስቅላ ቤት ባዶ ነው ማለት ነው?"

ሰብሳቢው ባዶ ነው አሉ።

"ቁልፉም ጎረቤት ጋ ነው። እንግዲያው እኔና ርብቃ ማክሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እንሄዳለን። መንገድ ላይ ከተላለፍን እጃችንን እናወዛውዝላቸዋለን።"

ሰብሳቢው እንግዳውን ማን ይቀበላል አሉ። ወ/ሮ ውቢት ኮሚቴው ምልዓተ ጉባኤ አለው አሉ።

አቶ ሀብቴ እንግዳ ሲመጣ ቤት ጥላ የምትሄድ ሴት በላምቦሬ ቤት ታይታ አትታወቅም ሲሉ ተናገሩ። ወ/ሮ ውቢት በአክብሮት፦ "ጋሼ፣ የምትመጣው እህትዎ ናት። ቆጮውም ነገ ይደርሳል። የሚከትፍልዎት ወንድምም አለዎት" ሲሉ መለሱ። አቶ ሀብቴ ይህን ልትሰሚው የምትሄጂውን ነገር ትወጂዋለሽ ወይ ብለው በጥሞና ጠየቋቸው።

ወ/ሮ ውቢት እንዲህ አሉ፦ "አላውቀውም። ይቺ ልጅ ግን አራት ዓመት ሙሉ እዚያ ጓዳ ተቀምጣ ስትለማመድ፣ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው የሰማኋት። አንድም ቀን ገብቼ ጎኗ አልተቀመጥኩም። ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ጓዳው ጭር ሲል ነው የሚቆጨኝ። አሁን ጎኗ ተቀምጬ እሰማለሁ፤ እስኪያልቅ።"

ተቃውሞ ያለው ተጠየቀ። አልተገኘም። ሚክያስ ስልኩን ኪሱ ከቷል።

በመሆኑም፦ በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። የቤተሰብ ዕረፍቱ ቀርቷል። ኮሚቴው ፈርሶ፣ አባላቱ በሙሉ ከማክሰኞ ጀምሮ ወደ ወጥ ቤት ተዛውረዋል። እናትና ልጅ ግን ይሄዳሉ።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡50 ላይ በአቶ ሀብቴ ጸሎት ተዘጋ። ጸሎቱ አጭር ነበር፤ ለመንገደኞች ነበር።

ሁሉም ከተነሳ በኋላ ሰብሳቢው ጸሐፊዋን ኮሪደር ላይ ጠብቀው፣ ሰውየው ሲጫወት በስልክ ቀርጻ እንድትልክላቸው፣ ከቻለችም ቤዙ ጎልቶ እንዲሰማ ቀረብ ብላ እንድትቀርጽ ጠየቋት። ይህም ቃለ ጉባኤ ውስጥ እንዳይገባ አደራ አሏት። እሺ፣ አይገባም ብላቸዋለች።