ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ የማን ልጅ ነው?

እኛ አገር ስምህን የሚጠይቁህ ለወጉ ያህል ነው። ዋናው ጥያቄ ተከትሎ ይመጣል፤ «የማን ልጅ ነህ?» የኢንተርኔት አድራሻም እንደዚሁ ነው ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ። እኔ ግን እንጀራዬን ያተረፍኩት በዚሁ ነው።

ደብረ ማርቆስ አንድ ኮሌጅ ውስጥ በሙከራ ተቀጥሬ ነበር። ኢንተርኔቱ በክረምት ጭቃ እንደሚሄድ ሰው ይጎተታል። አለቃዬ «መስመሩን የሚጨርስብንን ድረ ገጽ ለይተህ አምጣ» አሉኝ። ችግሩ፣ አንዱ ድረ ገጽ «ፎቶ ነጥብ እገሌ ነጥብ ኮም»፣ «ዜና ነጥብ እገሌ ነጥብ ኮም» እያለ በብዙ ስም መምጣቱ ነው። ስለዚህ ሬጌክስ በሚባለው፣ የምትፈልገውን ጽሑፍ መልኩን በምልክት ነግረህ በምታስለቅምበት ዘዴ፣ «ከየአድራሻው የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት ልቀም» ብዬ ኮምፒውተሩን አዘዝኩት። ሥራው በአንድ መስመር አለቀ፤ ኮራሁም።

ዋናው በላተኛ «ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ» ሆኖ ወጣ። «ማነው ይሄ ሆዳም? ዝጋው!» አሉ አለቃዬ። ዘጋሁት። ለካ የአገሩ ኮሌጆች አድራሻ ሁሉ የሚያልቀው በዚሁ ኖሯል! የራሳችንም አብሮ ተዘጋ፣ ያውም በተማሪዎች ምዝገባ ቀን። እስከ ሰኞ ካላስተካከልኩ ሌላ ሥራ እንድፈልግ ተነገረኝ።

ቅዳሜ ሉማሜ ከተማ የአክስቴ ልጅ የጋብቻ ሽምግልና ነበረባት። ሐሳቤ ኮሌጁ ላይ እንዳለ ሄድኩ። ሰባት ቤት ሲቆጠር አንዱ ሽማግሌ «በሁለቱም ወገን ቁይ ይነሳል፤ ዘመዳሞች ናቸውና አይጋቡም» ብለው ነገሩን ሊያፈርሱት ሆነ። ይሄኔ ዘር በመቁጠር የታወቁት አያ ደሴ ተቆጡ።

«ቁይ አገር እንጂ ሰው ነው እንዴ? አገር ላይ ስትደርስ አትቁም! አንድ ቤት ተመለስና ሰውየውን ጥራ!»

ሰዎቹ በስም ሲጠሩ ለየቅል ሆኑ፤ ጋብቻው ተፈቀደ። ብድግ ብዬ የአያ ደሴን ጉልበት ሳምኩ። ቤቱ ሁሉ ለአክስቴ ልጅ የተደሰትኩ መሰለው። ለእሷም ደስ ብሎኛል፤ ግን የእኔ ይብስ ነበር።

ሰኞ ማለዳ እነ ኢዲዩ ነጥብ ኢቲን «አገር» ብዬ ዘረዘርኳቸው። «አድራሻው በአገር ካለቀ ሦስት ቃል፣ አለዚያ ሁለት ልቀም» አልኩት። ወንድሞቼ፣ ሁሉም ከነአባቱ ተሰልፎ ወጣ! እውነተኛው ሆዳም አንድ የፊልም ድረ ገጽ ነበር። እሱን ዘጋሁ፣ ኮሌጃችንን ከፈትኩ፤ ምዝገባው እስከ ምሳ ሰዓት ተጠናቀቀ። የቋሚነት ደብዳቤዬም በዚያው ሳምንት ተፈረመ።

አለቃዬ ይህን ጥበብ የት እንደተማርኩ ሲጠይቁኝ እውነቱን ነገርኳቸው፤ «ሉማሜ።»

ወር ሳይሞላ ከአለቃዬ ቢሮ ደብዳቤ ደረሰኝ። ለተመሳሳይ ሥልጠና ሁለት ሠራተኞች ወደ ሉማሜ ይላኩ ይላል። ለአያ ደሴ ደወልኩላቸው።

«ይምጡ» አሉኝ ረጋ ብለው፤ «ብቻ ሰባት ቤታቸውን ቆጥረው ይምጡ።»